የሶስና ኃይሌ ደረቅ አሲድ

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2001 «ኔቸር» መጽሔት ከካልቴክ ዩኒቨርሲቲ የደረሰውን አጭር የምርምር ጽሑፍ አተመ። ከአራቱ ጸሐፊዎች በቀዳሚነት ስማቸው የሰፈረው አዲስ አበባ የተወለዱት ዶክተር ሶስና ኃይሌ ናቸው።

ሶስና በ1966 የተወለዱት ከግዕዙ ሊቅ ከጌታቸው ኃይሌ ነው። በ1975 የደርግ ወታደሮች አባታቸውን ሊይዙ ቤታቸው ድረስ መጡ፤ ተኩስ ተከፈተና ጌታቸው አከርካሪያቸውን ተመትተው ሽባ ሆኑ። ቤተሰቡ ተሰድዶ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ገባ። አባትየው እዚያ በማይክሮፊልም የተነሡ የብራና መጻሕፍትን ሲመረምሩ ኖሩ። ልጅቱ ግን በኤምአይቲ የቁሳቁስ ሳይንስ ተምረው በ1992 ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ በ1996 ካልቴክ ገቡ።

የዚያ የ2001 ጽሑፍ ጉዳይ ፊውል ሴል ነው፤ እሱም ሃይድሮጂንን በአንድ ወገን፣ ኦክስጅንን በሌላው ወገን ይቀበላል። መካከላቸው ያለው ኤሌክትሮላይት እንደ ፕሮቶን ያሉ አዮኖችን ብቻ ያሳልፋል፤ ከሃይድሮጂኑ የተለየው ኤሌክትሮን መንገድ ስለሚያጣ በሽቦ ዞሮ ይሄዳል፤ ኤሌክትሪክ የምንለውም ይኸው ነው። በጊዜው ለኤሌክትሮላይትነት የተለመደው የፕላስቲክ ሽፋን ካልረጠበ አይሠራም፤ ስለዚህ ሙቀቱን ከ100 ዲግሪ በላይ ማድረስ አስቸጋሪ ነበር። የሴራሚኩ ደግሞ ብዙ መቶ ዲግሪ ይፈልጋል።

ሶስና የመረጡት ሲዚየም ሃይድሮጂን ሰልፌት የተባለ፣ ግማሽ አሲድ ግማሽ ጨው የሆነ ደረቅ ነገር ነው። ከ141 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ በውስጡ ያሉት የሰልፌት ስብስቦች መዞር ይጀምራሉ፤ ፕሮቶኖቹም ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለሉ ይሻገራሉ። ይህን ጠባይ የሶቪየት ተመራማሪዎች በ1982 ገልጸውት ነበር። ሆኖም ጨው በውሃ ይሟሟል፣ ፊውል ሴል ደግሞ ውሃ ያመነጫል። የሶስና መልስ ቀላል ነበር፦ ከ100 ዲግሪ በላይ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽፋን በ150 እና በ160 ዲግሪ መካከል ተሞክሮ 1.11 ቮልት አሳየ።

ከሁሉም ጽሑፎቻቸው ግን እኔ አብልጬ የማከብረው በ2003 የወጣውን ነው። ሶስናና ባልደረቦቻቸው የራሳቸውን ግኝት መልሰው መርምረው ጉድለቱን ገለጡ፤ በሃይድሮጂኑ ወገን ሰልፌቱ ይፈርሳል፣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝ ይወጣል፣ ምላሹን የሚያፋጥነው ካታሊስትም ይበላሻል። እንዲህ ያለውን ውጤት መሳቢያ ውስጥ ማስቀረት ይቻል ነበር። እነሱ አተሙት፤ ቀጣዩን መንገድ የጠቆመውም ይኸው ነው። ሰልፈር የሌለበት ሲዚየም ዳይሃይድሮጂን ፎስፌት ተተካ። ይህኛውም ሲሞቅ ውሃውን እየለቀቀ ይፈርስ ስለነበር ከሚገባው ጋዝ ጋር እንፋሎት ቀላቀሉለት፤ ጸና። ውጤቱ በ2004 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጣ። በሚቴኖል የሚሠራ ሴልም በዚያው ጽሑፍ ቀርቧል።

ሁሉም ችግር ግን አልተፈታም። ሴሉ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ውሃ ከሆነ ጨዉ ይሟሟል፤ ለካታሊስትነት የሚያስፈልገው የፕላቲኒየም መጠንም ዋጋውን ያንረዋል። ተማሪዎቻቸው ቴክኖሎጂውን ለገበያ ለማብቃት ኩባንያ አቋቋሙ። ሶስና በ2015 ወደ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። ከዚያ በፊት፣ በ2012 መጨረሻ፣ የአፍሪካና የአሜሪካ ወጣት ተመራማሪዎችን ያገናኘው የቁሳቁስ ሳይንስ ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ከአዘጋጆቹ አንዷ እሳቸው ነበሩ፤ ቦታውም አዲስ አበባ ነበር።