ቡርጅ ሃሙድ ረግረግ በነበረች ጊዜ

እሁድ እሁድ ዶራ የምንገናኝ ሁላችንም ቡርጅ ሃሙድን እናውቃታለን። በርበሬ የምንገዛው፣ ብር የምንልከው፣ ጸጉር የምንሠራው እዛው ነው። ማራሽ የሚባለው መንገድ ላይ ቅመም እንሸምታለን፣ አራክስ ላይ ደግሞ በጫማ ዋጋ እንከራከራለን። ግን መንገዱ ለምን ማራሽ ተባለ? እኔ ቤሩት ስኖር ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ ስድስቱን ዓመት ሳልጠይቅ ነው ያሳለፍኩት።

አሁን የምሠራው አንዲት አርመን አሮጊት ጋ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቴታ ይላቸዋል፣ እኔም ቴታ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ወንድሜ ከአገር ቤት ደውሎ ስለ መሬት ስንጨቃጨቅ ሰሙኝ። ስልኩን ስዘጋ ምን ሆነሽ አሉኝ፣ በተሰባበረው አረብኛዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ከአልጋቸው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አስወጡኝ። ውስጡ ወረቀት ብቻ ነው። አባታቸው በየወሩ ለማኅበር የከፈሉበት ደረሰኝ፣ ከሥሩ ደግሞ ቤቱ የተመዘገበበት ሰነድ። «አባቴ ይሄን ቆርቆሮ ከእኛ ከልጆቹ እኩል ነበር የሚጠብቀው» አሉኝ። ከዛ ወዲህ ከሳቸውም ከልጃቸውም እየጠየቅኩ፣ ማታ ማታም ስልኬ ላይ እየፈለግኩ ያገኘሁትን ነው የምጽፍላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ አገራችን ስደርስ ወደ ራሳችን እመለሳለሁ።

ማራሽ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለ ከተማ ነው። በ1915 አርመኖች ላይ እልቂት ሲወርድ ከሞት የተረፉት ተበታተኑ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳዮች አካባቢውን ስለያዙ ብዙዎች ተመልሰው ነበር። ፈረንሳዮቹ በ1921 መጨረሻ ለቀው ሲወጡ ግን እንደገና ሸሹ፣ ብዙዎቹም በመርከብ ቤሩት ወረዱ። ያረፉት ወደቡ አጠገብ፣ ካራንቲና በሚባለው ቦታ ነው። ስሙ ራሱ የመጣው መርከበኛና መንገደኛ በሽታ እንዳያስገባ ተለይቶ ይቆይበት ስለነበር ነው። እዛ በቆርቆሮ፣ በጣውላና በሸራ ጎጆ ቀልሰው ተቀመጡ። ሁሉም «ለጊዜው ነው» ይል ነበር። ይቺ ቃል እኛም አፍ ላይ አለች።

ነገራቸውን የለወጠው መጀመሪያ ዜግነት ነው። በ1924 እዚህ የነበሩት አርመኖች የሊባኖስ ዜጋ ሆኑ። በ1926 ደግሞ ፈረንሳዮች አዲስ የመሬት መዝገብ ሥርዓት አወጡ፤ መሬት እየተለካ፣ ቁጥር እየተሰጠው፣ በባለቤቱ ስም ይመዘገብ ጀመር። ዜጋ ከሆንክና ስምህ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ነገ መጥቶ ተነሥ የሚልህን የምትመልስበት ነገር አለህ ማለት ነው።

ግን መሬቱን በምን ብር ይግዙ? አብዛኞቹ ሴቶቹ እየሰፉ፣ ወንዶቹ ወደብ ላይ እየተሸከሙ የሚኖሩ ድሆች ናቸው። ያኔ ያደረጉት ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። የአንድ አገር ልጆች ተሰበሰቡ። የማራሽ ልጆች አንድ ማኅበር፣ የአዳና ልጆች አንድ፣ የሲስ ልጆች አንድ። እኛ እድርና እቁብ የምንለው ዓይነት ነው። ከየሰዉ ወርሃዊ መዋጮ ሰበሰቡ፣ ለስደተኞች የተቋቋመው የናንሰን ቢሮም ቀስ እያሉ የሚመልሱት ብድር ጨመረበት። የገዙት ከወንዙ ማዶ ነው። ቡርጅ ሃሙድ ያኔ የእርሻ ቦታ ነበረች፣ ብዙው ረግረግ፣ ትንኝ የበዛበት። ሰው የማይፈልገው ስለሆነ ርካሽ ነበር። ውሃውን አፋሰሱ፣ አፈር ሞሉ፣ ደለደሉ፣ ከዚያ በገመድ እየለኩ ቀጥ ቀጥ ያሉ ጠባብ መንገዶችና ትንንሽ ቁራሽ ቦታዎች አወጡ። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኖር ማራሽ፣ ኖር አዳና፣ ኖር ሲስ የሚባሉት ሰፈሮች ተነሡ። «ኖር» በአርመንኛ አዲስ ማለት ነው። አዲስ ማራሽ። (አዲስ አበባ ትዝ ብላኝ ሳቅኩ፣ ቴታ ምን እንዳሳቀኝ አልገባቸውም።)

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቅደም ተከተሉ መሬቱን መግዛት፣ ማስለካት፣ ማስመዝገብ፣ መደልደል፣ ከዛ በኋላ ቤት መሥራት ነበር። ቴታ እንደሚሉት አባታቸው ቦታው በስማቸው እስኪዞር ድረስ ዓመታት ጎጆ ውስጥ ታግሰዋል፣ እናታቸው በየቀኑ ቢጨቀጭቋቸውም። ቡርጅ ሃሙድ በ1952 የራሷን በለዲየ፣ ማለት ማዘጋጃ ቤት፣ አገኘች።

አጠገባቸው ሌላ ዕድል የደረሳቸው ሰዎች ነበሩ። በ1939 ፈረንሳይ ሳንጃክ የሚባለውን አገር ለቱርክ ስትለቅ ሌሎች አርመኖች መጡና እዛው ቡርጅ ሃሙድ ውስጥ ሳንጃክ የተባለ መንደር ሠሩ። ያኛው ካምፕ ነበር። ሰዉ ቤት ሠራ፣ ልጅ ወለደ፣ ሱቅ ከፈተ፣ ግን የረገጠው መሬት በየስሙ አልነበረም። ከስንት ዓመት በኋላ መንደሩ ፈርሶ ቦታው የንግድ ሕንጻ ሆነ። ካራንቲና ውስጥ ደግሞ አርመኖቹ ከወጡ በኋላ ኩርዶች፣ ፍልስጤሞች፣ ከደቡብ የመጡ ድሃ ሊባኖሳውያንና የሶርያ ሠራተኞች ገቡበት። በጦርነቱ ጊዜ፣ በጥር 1976፣ ታጣቂዎች ገብተው ብዙ ሰው ገደሉ፣ ጎጆዎቹንም በዶዘር ደመሰሱ። በዛው ዓመት ነሐሴ ላይ የነብዓ ሰዎች ተባረሩ፣ ታል አልዛእተርም ወደቀ።

ወረቀት ጥይት አይመልስም፣ ይሄን እያወቅኩ ነው የምጽፈው። ነብዓ ላይ በስማቸው የተመዘገበ ቤት የነበራቸውም ተባረዋል። ልዩነቱ የታየው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። የነብዓ ባለቤቶች አንዳንዶቹ ሰነዳቸውን ይዘው መጥተው ቤታቸውን አስመልሰዋል። ዛሬ ከእኛ መካከል የምትከራዩት ክፍል የነሱ ሊሆን ይችላል። የካራንቲና ጎጆ ባለቤት ግን ምን ይዞ ይምጣ?

ወረቀት ያለውም ቢሆን ትልቅ ሰው ከመጣበት አይችልም። የከተማው መሐል፣ ያ አብረቅራቂው ዳውንታውን፣ በ1991 በወጣ ሕግ ለአንድ ኩባንያ ተሰጠ። ኩባንያው ሶሊዴር በ1994 ተቋቋመ። ባለቤቶቹ በመሬታቸው ፋንታ አክሲዮን ተሰጣቸው። ከጦርነቱ የተረፈው ፍርስራሽና ቆሻሻ ባሕር ውስጥ ተሞልቶ ከ60 ሄክታር በላይ የሚሆን አዲስ መሬት ወጣ። የባሕሩ ነገር ቡርጅ ሃሙድም ደርሷል። በጦርነቱ ጊዜ የተከመረው የቆሻሻ ተራራ በ1997 ተዘግቶ ነበር። በ2015 ከተማው በቆሻሻ ሲጥለቀለቅ ግን በማግሥቱ ዓመት እዛው ባሕር ዳር አዲስ መጣያ ተከፈተ፣ የድሮው ተራራም ባሕሩን መሙያ ሆነ። ነፋሱ ሲዞር የሚሸተን እሱ ነው።

አሁን አንድ ሰው እዚህ ቤት መሥራት ቢፈልግ ሩኽሳ ማውጣት አለበት። ሕጉ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል፣ ዋናው የ2004ቱ 646 ቁጥር ሕግ ነው። ባጭሩ ባለቤቱ የመሬት መዝገብ ወረቀት ያቀርባል፣ መሐንዲስ ፕላን ይነድፋል፣ ፕላኑ በመሐንዲሶች ማኅበር ይመዘገባል፣ የቴክኒክ ክፍል ያየዋል፣ በመጨረሻ የበለዲየው ኃላፊ ይፈርማል። ቤቱ ካለቀ በኋላም የመኖሪያ ፈቃድ የሚባል ሌላ ወረቀት አለ። በሥራ ላይ የሚሆነው ሌላ ነው። ቡርጅ ሃሙድ ውስጥ ቀና ብላችሁ እዩ፣ አንድ ፎቅ የነበረው አራት ሆኗል። ልጅ ሲያገባ አንድ ክፍል፣ የልጅ ልጅ ሲመጣ ሌላ። የሳቸውም ቤት እንደዛ ነው፣ ልጃቸው ላይኛውን ሲሠራ ማንንም አልጠየቀም። መንግሥትም በየጊዜው ጥፋተኛው ከፍሎ እንዲያስተካክል ሕግ ያወጣል፣ በ1994 አንድ፣ በ2019 ሌላ። ሀብታም ከፍሎ ይጨርሳል። ድሃው መሬቱ ራሱ የሱ ስላልሆነ የሚያስተካክለው ነገር የለውም።

ስለ ፕላን ካነሣሁ የራሴን ልንገራችሁ። በፊት የሠራሁበት ቤት መዳም ኩሽናውን ልታሰፋ መሐንዲስ አስመጣች። ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ቡና ሳቀርብ የእኔን ክፍል አየኋት፣ ከማጠቢያ ማሽኑ ጎን ያለችውን። የቤቱን ትንሽ ልጅ እዚህ ላይ ምን ይላል አልኩት። «ማኽዘን» ብሎ አነበበልኝ። ዕቃ ቤት ማለት ነው። ሁለት ዓመት ዕቃ ቤት ውስጥ ተኝቻለሁ፣ መንግሥት ግን በወረቀቱ እዛ ሰው መኖሩን አያውቅም።

የሚኖርበትን ቤት ማንም ሳያይለት የሚያድር እኛን ይመስላል። በጥር 2012 አሽራፊየ ፋሱህ ሰፈር አንድ ያረጀ ሕንጻ ሌሊት አይደለም፣ ገና ሰው ማምሻው ላይ ሳለ ወደቀና 27 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ መካከል የውጭ አገር ሠራተኞችም ነበሩበት።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ደመወዜን ሳልነካ ላክሁ። በ2010 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ካለ ገበሬ ላይ በደላላ 140 ካሬ ገዛልኝ። ውሉ በእጅ የተጻፈ፣ ሦስት ምስክር የፈረመበት ነው። ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ፣ እኔም አልቅሼ ስሜዋለሁ። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት በቆርቆሮ ክዳን ተሠራ። አገር ቤት የጨረቃ ቤት እንደምንለው ነው፣ በጨረቃ ብርሃን ሌሊቱን የሚቆም። በየካቲት 2011 ለገጣፎ ላይ ቤቶች በዶዘር ሲፈርሱ በስልክ እያየሁ «የእኔስ?» አልኩት። «የኛ ሌላ ቦታ ነው፣ አትፍሪ» አለኝ። ከወራት በኋላ የእኔም ፈረሰ። ቆርቆሮውን ብቻ አትርፈዋል።

ያኔ ሰውን ስረግም ነበር። አሁን ሳነበው ከመጀመሪያውም የገዛሁት ነገር አልነበረም። በ1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ 47 የከተማን መሬት የመንግሥት አደረገው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም አይለወጥም ተባለ። ከተማ ውስጥ መሬት የሚገኘው በሊዝ ሆነ፤ አዋጁ በ1986 ወጣ፣ በ1994 ተቀየረ፣ በ2004 ደግሞ 721 ቁጥር ሆነ። ስለዚህ ገበሬው ሊሸጥልኝ የሚችለው መሬት አልነበረውም፣ ሦስቱ ምስክሮችም የመሰከሩት ብሬ እጁ መግባቱን ብቻ ነው። አዋጅ 721 ያለ ፈቃድ የተያዙ ቦታዎች ከከተማው ፕላን ጋር የሚስማሙ ከሆነ በአራት ዓመት ውስጥ ሥርዓት እንዲይዙ ይል ነበር፣ ደላላው ሰውን የሚያጓጓው በዚች ነው። «ቆይ፣ ካርታ ይመጣል» እያለ። ግንባታም ያኔ ራሱን የቻለ ሕግ ነበረው፣ የ2001ዱ አዋጅ 624። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የሕንፃ ሹም ነው፣ እሱ ጋ ለመድረስ ደግሞ መጀመሪያ የይዞታ ካርታ ያስፈልጋል። ካርታ ከሌለ ፈቃድ የለም። ቴታ አባት ጎጆ ውስጥ የታገሱለት ይሄንኑ ነበር።

ባለፈው ወር ወንድሜ የደወለው ሌላ ቦታ ተገኘ ብሎ ነው። ርካሽ ነው፣ ሌሎች የአረብ አገር ልጆችም ገዝተዋል፣ ቶሎ ካልላክሽ ያመልጣል። የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው። ካርታው በማን ስም ነው? ቁጥሩን የወረዳው መሬት ቢሮ ሄደህ ከመዝገቡ ጋር አመሳክረሃል ወይስ ደላላው ያሳየህ ኮፒ ነው? በፕላኑ ላይ ቦታው ለመኖሪያ ነው ለመንገድ? እዳና እገዳ የለበትም? ስም የሚዞረው ብሩ ከመከፈሉ በፊት ነው በኋላ? «አንቺ ደግሞ ዳኛ ሆንሽ» አለኝ። እኔም የካርታውን ፎቶ ካልላክህ ሳንቲም አልልክም አልኩት። እናቴ ከጎኑ ሆና «ልጄ፣ እኔ ሳልሞት ቤት እንድትሠሪ ብዬ ነው» ስትል ይሰማኛል።

ቴታ ቆርቆሮውን መልሼ አልጋው ሥር እንዳስገባ ነገሩኝ። ክዳኑ ዝጎ ስለነበር እስኪገጥም ሁለት ጊዜ በጉልበቴ ተጫንኩት። ወንድሜ እስካሁን ፎቶውን አልላከም።