ቪትዝ ላይ የሚሰካው ክንፍ፦ ጉልበት ነው ወይስ ጌጥ?

አንድ የሲሪንቃ ጓደኛችን ቪትዝ አለችው። በዓል ሲደርስ አጥቦ ወልድያ ይዟት የሚወጣ፣ በአዘቦት ቀን ደግሞ መርሳ እየተመላለሰ ጉዳዩን የሚጨርስባት ናት። ሰሞኑን ትንሽ ብር ቋጥሯል። ብሩ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው፤ ወይ ከኋላ ለሚሰካው ጥቁር ክንፍ፣ ወይ ሊሾ ለሆኑት ሁለት ጎማዎች። «ክንፉ ሲገባ መኪናዋ መሬት ትይዛለች ይላሉ፣ ኩርባ ላይም አትንሸራተትም። እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀን።

እኛ መሐንዲሶች አይደለንም። ግን ጥያቄው የብዙ ልጆች ጥያቄ ስለሆነ ቁጭ ብለን አነበብን፣ አሰላን።

መጀመሪያ ስሙን እንለይ። እዚህ እኛ ጋ ከኋላ የሚሰካ ነገር ሁሉ «ስፖይለር» ነው የሚባለው። በሥራቸው ግን ሁለት ናቸው። ስፖይለር ከመኪናው አካል ጋር ተጣብቆ የሚቀመጥ ጠርዝ ነው። በጣሪያው ወይም በኋላው ክዳን ላይ የሚፈሰውን አየር ቆርጦ አቅጣጫ ያስይዘዋል። ክንፍ የሚባለው በሁለት እግር ቆሞ ከመኪናው ላይ ከፍ የሚለው ነው፤ አየር ከላዩም ከታቹም ያልፋል። የክንፉ አሠራር የአውሮፕላን ክንፍ ተገልብጦ ማለት ነው። ላሊበላ የሚያርፈው የአየር መንገዳችን ኪው 400 ክንፉ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ የመኪናው ወደ ታች ይጫናል።

ልጅ ሆነን በሚኒባስ መስኮት እጃችንን አውጥተን መዳፋችንን ዘንበል ስናደርግ ነፋሱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲገፋን የነበረው ነገር ይኸው ነው። (አሁን አትሞክሩት፣ በተቃራኒ የሚመጣው ኤፍኤስአር አይምርም።) ታዲያ ሚኒባሱ መርሳ ከተማ ውስጥ ሲያዘግም እጃችን ምንም አይሰማውም ነበር፤ ከከተማ ወጥቶ ሲፈጥን ነው የሚገፋን። ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነት ግማሽ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ ሩብ ብቻ ይቀራል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክንፍ እንውሰድ፤ ቪትዝ ላይ ከሚሰኩት ትልቁ ዓይነት ማለት ነው። ቅርጹ የተስተካከለ፣ አቀማመጡም ትክክል ነው እንበልለት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ይህ ክንፍ መኪናዋን ወደ ታች የሚጫናት ሁለት ኪሎ ግራም ከምናምን በሚሆን ኃይል ነው። አንድ ትልቅ የሃይላንድ ውኃ ከኋላ አስቀምጡ፣ ትንሽ ጨምሩበት፤ ያው ነው። በ30 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የድልብን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ስትወጡ፣ ግማሽ ኪሎ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ስድስት ኪሎ ትንሽ ያልፋል። 200 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ 25 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ቪትዝ ግን 200 አትሄድም፣ ብትሄድም መርሳና ወልድያ መሃል ግመል፣ ፍየል፣ ጋሪና ባጃጅ አለ።

መኪናዋ ራሷ አንድ ቶን ገደማ ትመዝናለች። ሁለት ኪሎ ከዚያ ውስጥ ምንም ማለት ነው። እንዲያውም ከብረት ወይም ከወፍራም ፋይበር የተሠራው ክንፍ ራሱ ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል። በከተማ ፍጥነት ክንፉ ከሚጫነው ይልቅ ክብደቱ ይበልጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ክንፉን ላለመበደል አንድ ነገር እንበል። «ታዲያ ከኋላ ሁለት ሰው ባስቀምጥ ይሻላል» የሚል ይኖራል። አይሻልም። ሰው ሲጨመር ጎማው ላይ ጫና ይጨምራል፣ ግን ኩርባው ላይ መታጠፍ ያለበት ክብደትም አብሮ ይጨምራል። አየር የሚፈጥረው ጫና ክብደት ሳይጨምር ጎማውን መሬት ላይ ይጫነዋል፤ የውድድር መኪኖች ክንፍን የሚወዱት ለዚህ ነው። ሐሳቡ ውሸት አይደለም፣ የጎደለው ፍጥነቱ ነው።

ሌላው ለኛ አገር ሰው የሚነገረው ነገር ደግሞ አየሩ ራሱ ነው። ሲሪንቃን ለማታውቋት፦ ከመርሳ ወደ ወልድያ ስትሄዱ መሃል ላይ የምትገኝ፣ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ፣ በግብርና ምርምር ማዕከሏ የምትታወቅ ከተማ ናት። የምርምር ማዕከሉ ያለበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ላይ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ (የጣናውን ሳይሆን የእውነተኛውን ባሕር ማለታችን ነው) አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። እዚህ ሞቅ ባለ ቀን ከአንድ ኪሎ ያንሳል። ክንፍ የሚሠራው በአየር ነው፤ አየሩ በአምስተኛ ያህል ሲሳሳ የክንፉም ሥራ በአምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ከወልድያ በቻይናው መንገድ ወደ ጋሸና፣ ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋው ከፍታ ላይ ስትወጡ ደግሞ የባሰ ነው። ጃፓንና አውሮፓ ተሠርተው የምናያቸው የቪዲዮ ሙከራዎች እዚህ በቀጥታ አይሠሩም የምንለው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ይኸው ስስ አየር የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሰዋል፤ «ቪትዟ ዳገት አቃታት» ብላችሁ መካኒኩን ከመውቀሳችሁ በፊት አስቡት።

ቪትዝና የቅርብ ዘመን ኮሮላ የሚነዱት በፊት ጎማ ነው። የሚጎትተውም፣ የሚያዞረውም፣ ከፍሬኑም አብዛኛውን የሚሸከመው ፊት ነው። ክንፉ ግን የሚጫነው ከኋላ ጎማ በላይ ወይም ከዚያ ኋላ ነው። ሚዛን ላይ እንደተቀመጠ እንጨት አስቡት፤ የኋላው ጫፍ ሲጫን የፊቱ በትንሹ ይቀላል። በእኛ ፍጥነት ልዩነቱ አይሰማም፣ ግን «ለመጎተት ይረዳል» የሚለው ወሬ ቪትዝ ላይ ተገላቢጦሽ ነው። ላዳ ቢሆን እንኳ ከኋላ ስለሚነዳ ወሬው ትንሽ ያስኬድ ነበር።

ታዲያ ይህ ነገር የትም አይሠራም? ይሠራል እንጂ! እ.ኤ.አ. በ1998 ኦዲ ቲቲ የምትባል የምታምር መኪና ገበያ ላይ አወጣ። ጀርባዋ ክብ፣ ያለ ምንም ስፖይለር ነበረች። ጀርመን አውራ ጎዳና ላይ ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ እየተነዳች ድንገት መስመር ስትቀይር ከኋላ እየቀለለች አደጋ ደረሰ፣ ሰውም ሞተ። ኩባንያው የተሸጡትን መልሶ ጠርቶ ከኋላ ትንሽ ስፖይለር ገጠመላቸው፣ ኤሌክትሮኒክ መረጋጊያም ጨመረ፣ ሶስፔንሽኑንም አስተካከለ። ያቺ ጠርዝ ሕይወት አድናለች ብንል አልተጋነነም። ልብ በሉ ግን፤ ነገሩ በ180 ነው፣ ስፖይለሩንም የሠራው ፋብሪካው በንፋስ መሞከሪያ ለክቶ ነው፣ ብቻውንም አልነበረም።

የተቃራኒውን ታሪክም እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የፎርሙላ ዋን መኪኖች በቀጫጭን እግር ላይ የቆሙ ረጃጅም ክንፎች ይሰኩ ነበር። በ1969 ባርሴሎና ላይ በተካሄደው የስፔን ውድድር የሎተስ ቡድን ሁለቱም መኪኖች፣ የግርሃም ሂልም የዮክን ሪንትም፣ ክንፋቸው እየተሰበረ ተጋጩ። ሪንት ተጎዳ። ቀጥሎ በነበረው የሞናኮ ውድድር ረጃጅሞቹ ክንፎች ታገዱ። በዓለም አንደኛ የሚባሉ መሐንዲሶች የሰኩት ነገር ነው እንግዲህ የተሰበረው።

ወደ እኛ ስንመጣ ክንፉ የሚሰካው ብዙ ጊዜ የኋላውን ክዳን ላሜራ በትራፓን በስቶ በአራት ቡሎን ነው። ላሜራው ስስ ነው። ከሥሩ ማጠናከሪያ ብረት ካልገባበት ኮረኮንች ላይ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፣ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ውኃ ይገባል፣ ከዚያ ዝገት። መኪና ዕድሜ ልክ የሚያዝ ንብረት በሆነበት አገር ይህ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክሱ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከበድ ያለ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለችው ቪትዝ ዋጋዋ የሚጠበቀው ባልተነካ ላሜራዋ ነው። ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የተበሳውንና ስቱኮ የተለቀለቀውን ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ መብራት ነው። ብዙ መኪኖች ከኋላ መስታወት አናት ወይም ሥር ሦስተኛ የፍሬን መብራት አላቸው። ክንፉ ፊቱ ላይ ከቆመ ማታ ከኋላ የሚመጣው ሲኖትራክ ሹፌር ፍሬን መያዛችሁን ዘግይቶ ያያል። በመስታወት ወደ ኋላ ስታዩም መሃሉን አግድም የሚቆርጥ ጥቁር ነገር ይሆንባችኋል፤ ሞተር ሳይክል እዚያ ውስጥ ይጠፋል።

ባጃጅ ላይ የሚሰኩትንም አይተናል። ባጃጅ 200 ሲሲ ገደማ ሞተር ያላት፣ በሦስት ጎማ የምትቆም፣ ከ60 ብዙም የማታልፍ ናት። ጣሪያዋ ላይ የሚጫን ማንኛውም ነገር ክብደቷን ወደ ላይ ነው የሚያወጣው፤ ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ይበልጥ ትቀርባለች። ወንድሞቻችን ለጌጥ ከሆነ ቀለምና ስቲከር ይብቃችሁ።

ፋብሪካው ራሱ ቪትዝ ጣሪያ ጫፍ ላይ የሚያወጣት ትንሽ ጠርዝስ? እሷ ሌላ ናት። የኋላ መስታወቱ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መኪና ላይ አየሩ ከጣሪያው ሲላቀቅ ከኋላ ይሽከረከርና መኪናዋን ወደ ኋላ ይስባታል። ጠርዟ መላቀቂያውን ታስተካክላለች፣ በረጅም መንገድ ላይ ትንሽ ነዳጅ ልታድን ትችላለች። ካለቻችሁ አትንቀሏት። በሁለት እግሩ የቆመው ክንፍ ግን መጎተቻ ስለሚጨምር ነዳጅ ይበላል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ ቻርጁን።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። መኪና መሬት የሚይዘው በአራት መዳፍ በሚያክል ቦታ ነው፤ እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካው መዳፍ የምታክል ቦታ ብቻ ነው። የጎማው ጥርስ ሥራ ዝናብ ላይ ውኃውን ከዚያ መዳፍ ሥር ማስወጣት ነው። ጥርሱ ካለቀ ጎማው ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፣ መሪ ብታዞሩም መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። በብዙ አገር ሕግ ዝቅተኛው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያ አያስፈልጋችሁም፤ በጥርሱ መሃል ባለው ቦይ ውስጥ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ፣ ጥርሱ ከነሱ ጋር እኩል ሲሆን ጎማው አልቋል። ያገለገለ ጎማ የምትገዙ ከሆነ ጎኑ ላይ አራት ቁጥር ፈልጉ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም የቆየ ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

የጓደኛችንን ቪትዝ ጎማ አብረን አየነው። ጉብታዎቹን ለማየት መፈለግ አላስፈለገንም፤ ጥርስ የሚባል ነገር አልነበረውም።

«እሺ ክንፉን አሁን ተውኩት» አለን። ጎማውን ቀየረ። ለገና ግን የሆነ ነገር ሳይሰካ እንደማይቀር ነግሮናል፤ ለመልክ ነው፣ አይደብቅም። እኛም ለመልክ ከሆነ ቅር አይለንም። ላሜራ ሳይበሳ በባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር የምትለጠፈዋን ቀጭን ጠርዝ እንዲገዛ፣ ከመለጠፉ በፊት ቦታውን በአልኮል ጠርጎ እንዲያደርቅ፣ የፍሬን መብራቷንም አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ እንዲያይለት ነግረነዋል።