የነፍስ ወከፍ የብረት አልባ ማዕድናት ፍጆታ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚከመረው ጠጠር፣ ከወንዝ የሚወጣው አሸዋ፣ ለቤት መሠረት የሚሆነው የካባ ድንጋይ፣ ሲሚንቶ የሚሆነው የኖራ ድንጋይ፣ የወጥ ጨው ሳይቀር በስታቲስቲክስ መዝገብ አንድ ላይ ይቆጠራሉ። «ብረት አልባ ማዕድናት» እንበላቸው። ወርቅና መዳብ፣ ነዳጅና የድንጋይ ከሰል እዚህ አይገቡም። አገር በዓመት ካወጣችው ላይ ከውጭ ያስገባችው ይደመራል፤ ወደ ውጭ የላከችው ይቀነሳል፤ ውጤቱ ለሕዝቧ ቁጥር ይካፈላል። መለኪያው ቶን ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2022 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ ዓለም በየዓመቱ 50 ቢሊዮን ቶን ያህል አሸዋና ጠጠር ይጠቀማል፤ ለአንድ ሰው 6 ቶን ገደማ መሆኑ ነው። ክፍፍሉ ግን እኩል አይደለም። ቻይና በ2023 እ.ኤ.አ. ያመረተችው ሲሚንቶ ብቻ 2 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነበር፤ በነፍስ ወከፍ ከ1 ቶን በላይ ይደርሳል። የኢትዮጵያዊው የሲሚንቶ ድርሻ በዚያ ዓመት 100 ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም ነበር። ፊንላንድ ደግሞ ሕዝቧ ጥቂት፣ መንገዷ ረጅም፣ ክረምቷ መሬት የሚያቀዘቅዝ ስለሆነ ከአውሮፓ ከፍተኛ ተጠቃሚዎች ተርታ ናት። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ሁልጊዜ ብክነትን፣ ትንሽ ቁጥርም ቁጠባን አያሳይም። የእኛ ማነስ በአመዛኙ ያልተሠራ መንገድና ያልተገነባ ትምህርት ቤት ነው።

አሸዋና ጠጠር በየካባው ስለማይመዘን፣ ባለሙያዎች መጠኑን ብዙ ጊዜ የሚገምቱት ከሲሚንቶ ፍጆታ ተነስተው ነው። በምዕራብ ጎጃም በሰከላ ገጠር በባሕር ዛፍ ማገርና በጭቃ ምርጊት የቆመ ቤት ሲሚንቶ አልነካውምና፣ መሠረቱ የተጣለበት ድንጋይ ከስሌቱ ሊቀር ይችላል።

በዚያው በግሽ ዓባይ ዙሪያ የፍጆታው ቁጥር ቢያድግ የምወድበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። የዚህ አካባቢ ብዙ ማሳ አሲዳማ ሆኗል። ከባድ ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ ይወስዳል፤ ፎስፈረሱም ከአፈሩ ብረትና አሉሚኒየም ጋር ይጣበቅና ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። ፈውሱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ በደጀን በኩል በዓባይ በረሃ ሞልቷል፤ ነገር ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚፈለግ አስቸጋሪው ማጓጓዙ ነው። በዓለም አቀፉ መዝገብ ውስጥ ይህ ኖራና የከተማ ፎቅ የሚቆምበት ጠጠር አንድ ድምር ናቸው። ምዕራብ ጎጃም ከዚህ ድምር በቅድሚያ የሚያሻው በቆሎና ጤፍ የሚዘራበትን አፈር የሚያድነው ኖራ ነው።