«ባሕር»፣ «ሐይቅ» እና «ባሕር ሸሽ»፦ የጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በታሪክና በቃላት

ስለ ባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ ነገር ለተርጓሚ በቀረበ ጊዜ አሳቡ ወደ ቀይ ባሕር መሄዱ የተለመደ ነው። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁንና ከደብረ ታቦር ወደ ምዕራብ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ የሚደርስበት አገር በሕዝቡ አነጋገር የባሕር ዳር ነው፤ የጣና ዙሪያ ገበሬ ሐይቁን «ባሕር» ይለዋልና። በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ያለው ከተማም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በአንጻሩ «ሐይቅ» የሚለው ቃል በግእዝ ዳርቻን፣ የውሃ ጠረፍን ያመለክት ነበር፤ በአማርኛ ግን ዳሩን ለቆ ውሃውን ያዘ። እንግዲህ የዚህን ዳርቻ ተፈጥሮ፣ ሀብትና ታሪክ መመርመር ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከሥራው ውጭ የሆነ ጉዳይ አይደለም።

ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ የሚመነጩት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚገኘው ጣና ይገባሉ። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም። ስለዚህ በክረምት ውሃው ሲሞላ ሜዳው ይጥለቀለቃል፤ በበጋ ሲጎድል ደለል የጠገበ መሬት ይገለጣል። ሕዝቡ ይህን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። የሸሸው ባሕሩ ነው፤ ስሙ የተሰጠው ግን ለቀረው መሬት ነው። በሁለት ቃል ይህን ያህል የሚገልጽ ስያሜ እያለ ተርጓሚው ረጅም ሐረግ መፈለጉ አላስፈላጊ ድካም ነው።

የሜዳው ሀብት ከጥንት ጀምሮ የፎገራ ከብት ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን ሩዝ ተስፋፍቶ የወል ግጦሹን አጥብቦታል። መሬቱ ከግጦሽ ወደ እርሻ ሲዞር የእረኛው ቃላት በገበሬው ቃላት መተካታቸው አይቀርም።

በታሪክም ደጋውና ዳርቻው የተያያዙ ነበሩ። ደብረ ታቦር የየጁ ራሶች መናገሻ ነበረች፤ በ1834 ዓ.ም. ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ የተዋጉት በዚያ ነው። ከሐይቁ ዳር ያለችው ቆራጣ ደግሞ የነጋዴ ከተማ ነበረች፤ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም በ1858 ዓ.ም. የሰነበተው በእርሷ ነው። ለደብረ ታቦር ቅርብ በሆነው ጋፋት አውሮጳውያን ባለሙያዎች ለዐፄ ቴዎድሮስ የሠሩት ታላቅ መድፍ «ሴባስቶፖል» ተባለ፤ ስሙ የጥቁር ባሕር ወደብ ስም ነው። በ1860 ዓ.ም. የሩቅ ባሕር ስም የተሸከመው ብረት በገደልና በሸለቆ እስከ መቅደላ ተጎተተ።

የዳርቻው ትልቁ ኪሳራ ግን በቋንቋ በኩል የደረሰው ነው። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩትና ጉማሬ ያድኑ የነበሩት ወይጦዎች የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ኦይገን ሚትቮኽ እ.ኤ.አ. በ1907 አማርኛ ተናጋሪዎች መሆናቸውን ገለጸ። ማርሴል ግርዮል ደግሞ አንድ ወይጦ በሞተው ቋንቋ መዝፈኑን ገለጸ፤ ዘፋኙ ግን ከጥቂት የጉማሬ ብልት ስሞች በቀር የዘፈኑን ትርጉም አያውቅም ነበር። ግጥሙም አልተመዘገበም።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። «ሐይቅ» በመዝገበ ቃላት ሲፈታ ሁለቱም ትርጉሞች ተለይተው ይስፈሩ፤ «ባሕር» በጣና ዙሪያ ያለው ፍች ይመዝገብ፤ «ባሕር ሸሽ»ም በሙያ ቃልነት ቦታ ይሰጠው። ታንኳ ሠሪውም ሆነ እረኛው ዛሬም አለ፤ የሥራውን ቃል ከነትርጉሙ ከአፉ ልንቀበል እንችላለን። ለወይጦ ቋንቋ ይህ ዕድል አልፏል።