የታገዱ መጻሕፍት ታሪክና የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማስረጃነት

የአንድ አገር የሥነ ጽሑፍ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ስፍራ የሚይዘው ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው መጽሐፍ ነው። ታትሞ የተሰበሰበው፣ ለኅትመት ቀርቦ የተከለከለው፣ ከናካቴው እንዳይጻፍ የተደረገው ግን በታሪክ ትምህርታችን ውስጥ የሚነሣው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሳንሱርን ታሪክ ራሳቸው መርምረው እንዲረዱ በየትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት ማስረጃዎች ምን ያህል እንደሚያገለግሉ ማመልከት ነው። በተለይ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ የተሰጡት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ምርምር የተሟላ ስብስብ ያለው በአዲስ አበባ፣ በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) እንዲሁም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በጅማ መንገድ በሰበታና በተጂ፣ በአምቦ መንገድ በቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ በሱሉልታ ለሚማር ወጣት፣ ከተማዪቱ በርቀት ቅርብ ብትሆንም የመጓጓዣው ወጪና የትምህርቱ ሰዓት በቀላሉ አያደርሱትም። የትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ግን በየዕለቱ በእጁ ነው። ስለሆነም ጥያቄው መደርደሪያው ሀብታም ነው ወይስ ድሃ የሚለው ሳይሆን፣ በላዩ ያለውንም የጎደለውንም እንዴት እናንብበው የሚለው ነው።

የቅድመ ኅትመት ምርመራ አመጣጥ

መጽሐፍን መቈጣጠር የእኛ አገር ብቻ ታሪክ አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተከለከሉ መጻሕፍትን ዝርዝር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1559 አውጥታ እስከ 1966 ድረስ ስትሠራበት ቈይታለች። በኢትዮጵያ የቍጥጥሩን መልክ የወሰነው የማተሚያ ቤቶች ቍጥር ማነስ ነው። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሆነው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. የታተመው በሮም ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የአገር ውስጥ ኅትመት እየተስፋፋ ቢሄድም፣ ማተሚያ ቤቶቹ ጥቂት ስለነበሩ የማተሚያ ቤቱን በር የያዘ ክፍል መጽሐፉንም ያዘ ማለት ነበር።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ኅትመትን የመቈጣጠሩ ተግባር በመጀመሪያ በጽሕፈት ሚኒስቴር፣ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥር ሆነ። ደራሲው ረቂቁን አቅርቦ ካላስፈቀደ በቀር ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ቤት አይገባም ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የጋዜጣ ነጻነትን ሲያረጋግጥ ነጻነቱ በሕግ መሠረት እንደሚሆን አክሎአል። ቅድመ ምርመራው የቀጠለውም ከዚህ ድንጋጌ ጎን ለጎን ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላም የሚመረመረው ሐሳብ ተለወጠ እንጂ ምርመራው አልቀረም፤ ሥራው በማስታወቂያና መርሐ ብሔር ሚኒስቴር ቀጠለ። ሳንሱር በሕግ የተሻረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቍጥር 34 ሲሆን፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ማናቸውንም ዓይነት ቅድመ ምርመራ ከልክሎአል። ይህ ማለት ግን ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ በጸሐፊው ላይ ጣጣ አላመጣም ማለት አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የታሰሩት ጋዜጠኞችና የተዘጉት ጋዜጦች ለዚህ ምስክር ናቸው።

ታትመው የታገዱ፦ «አልወለድም» እና «ኦሮማይ»

በ1955 ዓ.ም. የታተመው የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በማኅፀን ያለ ፅንስ ግፍ ወደ ሞላበት ዓለም አልመጣም በማለት የሚያነሣውን ክርክር የያዘ ልብ ወለድ ነው። አቀራረቡ ምሳሌያዊ ቢሆንም በሥልጣን ላይ የነበሩት ሰዎች መልእክቱን አልሳቱትም። መጽሐፉ ገበያ ላይ ብዙ ሳይቈይ ታገደ፤ ያልተሸጡትም ቅጂዎች ተሰበሰቡ። ደራሲው ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ ኢሉባቡር ተግዞ ነበር። «አልወለድም» እንደገና ታትሞ ለሕዝብ የደረሰው ዘውዳዊው ሥርዓት ከወደቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በዓሉ በመነን፣ በአዲስ ሪፖርተር፣ በኢትዮጵያን ሄራልድና በአዲስ ዘመን የሠራ ጋዜጠኛ፣ በማስታወቂያና መርሐ ብሔር ሚኒስቴርም ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ ተከታትሎ የጻፈው ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወጣ። ወዲያውም ታግዶ ከመጻሕፍት መደብሮች ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ። በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ዳግመኛ የታተመ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ለውጭ አንባቢ ቀርቦአል።

ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አድርጎ የሚመረምር ተማሪ አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል። ሁለቱም የታገዱት ታትመው ከወጡ በኋላ ነው። «ኦሮማይ»ን ያሳተመው የመንግሥት ድርጅት፣ የጻፈውም የዚያው የተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሹም ነበር። እንግዲህ ስማቸውን አንሥተን የምንነጋገርባቸው የታገዱ መጻሕፍት ከቅድመ ምርመራው ወንፊት ያመለጡት ናቸው። ወንፊቱ ሥራውን በሚገባ የሠራባቸው ረቂቆች መጽሐፍ ስላልሆኑ ቅጂም፣ የኅትመት ዓመትም፣ አንባቢም የላቸውም። በመሆኑም የሳንሱርን ክብደት በታገዱ መጻሕፍት ቍጥር መለካት ጉዳዩን ማሳነስ ይሆናል።

ያልታተመውን እንዴት እንመርምር?

በቅድመ ምርመራ የቀረው ረቂቅ በመደርደሪያ ላይ ባይገኝም ተጽዕኖው በታተሙት ላይ ይታያል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የባላባቱን ሥርዓት አጥብቆ የሚነቅፍ ሆኖ ሳለ ታትሞ ተነበበ። «አልወለድም» ግን ታገደ። ለምን? የታሪኩ ጊዜ ወደ ኋላ መሄዱ፣ የትረካው ስልት፣ የደራሲዎቹ የኑሮ ደረጃና የሥራ ኀላፊነት፣ ነቀፌታው በማን ላይ እንደሚያርፍ፣ እነዚህ ሁሉ ተማሪዎች ከሁለቱ መጻሕፍት ጽሑፍ ማስረጃ እያወጡ የሚከራከሩባቸው ነጥቦች ናቸው። መምህሩ መልሱን አስቀድሞ መስጠት የለበትም። በሰምና ወርቅ ያደገ ማኅበረሰብ ልጆች ሐሳብን በሽፍን የማስተላለፍን ጥበብ ለመለየት ችሎታው አላቸው።

ከዚህ የሚሰፋው ደግሞ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ከላይ በተጠቀሱት ከተሞች የብዙው ተማሪ የአፍ መፍቻ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከረዳቶቹ ጋር የተረጐመው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1899 መታተሙ በቋንቋው የመጻፍ ጥረት ቀደም ብሎ መጀመሩን ያሳያል። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ ግን አማርኛን በአገሪቱ የማስተማሪያ ቋንቋ አደረገ። «በሪሳ» ጋዜጣ በአፋን ኦሮሞ መውጣት የጀመረው ከአብዮቱ በኋላ ሲሆን፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶአል። በቋንቋው የትምህርት መጻሕፍት በስፋት የተዘጋጁት ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ነው። እዚህ ላይ የታገደ ተብሎ የሚጠቀስ አንድ መጽሐፍ የለም። ማስረጃው የዓመታቱ ባዶነት ነው። በተጂ ወይም በሱሉልታ ያለ አንድ ክፍል በቤተ መጻሕፍቱ ያሉትን የአፋን ኦሮሞ መጻሕፍት በኅትመት ዓመት ቢደረድር ይህንኑ ባዶነት በዓይኑ ሊያየው ይችላል።

በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉ ማስረጃዎች

ለምርምሩ የሚያገለግሉት ማስረጃዎች በአራት ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የመጽሐፉ የኅትመት ገጽ ነው። ተማሪው መጽሐፉ በመጀመሪያ የታተመበትን ዓመት፣ ማተሚያ ቤቱን፣ አሳታሚውንና የድጋሚ ኅትመቱን ዓመት በሠንጠረዥ ይመዝግብ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ኅትመት መካከል ረጅም ክፍተት ሲገኝ የምርምር ጥያቄ ተገኘ ማለት ነው። የድጋሚ ኅትመት መቅድሞችም ብዙ ጊዜ በመጽሐፉ ላይ የደረሰውን ይናገራሉ።

ሁለተኛው የንብረት ሰነድ ነው። መጻሕፍት ወደ ትምህርት ቤቱ ሲገቡ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናሉ፤ ሲወጡም በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋሉ። የመጻሕፍት መዝገቡና የካታሎግ ካርዱም ከዚሁ ጋር ይታያሉ። በመዝገብ ላይ ኖሮ በመደርደሪያ ላይ የሌለ መጽሐፍ መቼ፣ በማን ትእዛዝና በምን ምክንያት እንደ ወጣ መጠየቅ ተማሪውን ከታሪክ ምንጭ ጋር ፊት ለፊት ያገናኘዋል።

ሦስተኛው የቀድሞ የመማሪያ መጻሕፍት ናቸው። ከ1966 እና ከ1983 ለውጦች በኋላ የታሪክና የኅብረተሰብ ትምህርት መጻሕፍት ተቀይረዋል፤ በደርግ ዘመን ይሰጥ የነበረው የፖለቲካ ትምህርትም ቀርቶአል። ስለ አንድ ንጉሥ ወይም ስለ አንድ ጦርነት የሦስት ዘመን መማሪያ መጻሕፍት የጻፉትን ማነጻጸር ምን እንደ ተጨመረና ምን እንደ ተሰረዘ በግልጽ ያሳያል። በሞስኮ በፕሮግረስ ማተሚያ ቤት በአማርኛ እየታተሙ ይመጡ የነበሩት መጻሕፍትም በአንዳንድ ቦታ እስካሁን አሉ። አንድ ሥርዓት አንባቢ እንዲይዘው የሚፈልገውን ማወቅ፣ እንዳይዘው የሚፈልገውን ለማወቅ ይረዳል።

አራተኛው የሰው ትውስታ ነው። በየከተማው ያሉ አንጋፋ መምህራንና ጡረተኞች «ኦሮማይ»ን በጋዜጣ ሸፍነው እንዴት እንዳነበቡ፣ ከማን እንደ ተዋሱ ሊናገሩ ይችላሉ። ቃላቸው ከቀኑና ከተናጋሪው ዕድሜ ጋር ተጽፎ በቤተ መጻሕፍቱ ቢቀመጥ ለሚቀጥለው ክፍል ምንጭ ይሆናል።

ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

በመዝገብ ላይ ኖሮ በመደርደሪያ ላይ የጠፋ መጽሐፍ ሁሉ የታገደ አይደለም። ተማሪ ወስዶ ሳይመልሰው ሊቀር፣ ምስጥ ሊበላው፣ ዝናብ ሊያበላሸው ይችላል። የድጋሚ ኅትመት መዘግየትም ከወረቀት እጥረት ወይም ከገንዘብ ችግር ሊመጣ ይችላል። እንዲሁም የታገደ መጽሐፍ ዝና ከእውነቱ አልፎ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። ስንት ቅጂ እንደ ተሸጠና በስንት ብር እንደ ተሸጠ የሚነገረው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ያድጋል። ስለዚህ ተማሪው አንድን መጽሐፍ ታግዶአል ብሎ ከመጻፉ በፊት ቢያንስ ሁለት የማይገናኙ ማስረጃዎችን እንዲያቀርብ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ ልምድ ከሳንሱር ታሪክም ያለፈ ጥቅም አለው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ሥራ አዲስ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሰነዶቹ እንዳይጠፉ ማድረግን ነው። በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ቈጠራ ሲደረግ ያረጁ መጻሕፍትና መዝገቦች በሚወገዱ ንብረቶች ዝርዝር ይገባሉ፤ ሽፋኑ የተቀደደ የ1955 ዓ.ም. ቅጂ ከተሰበረ ወንበር ጋር የሚቈጠርበት አጋጣሚ አለ። በዚህ መንገድ ከዘመን ዘመን ተርፎ የደረሰ መጽሐፍ ማንም ሳያግደው ይጠፋል።

ስለሆነም የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሦስት ነገሮችን ቢያስቡበት መልካም ነው። በመጀመሪያ፣ አሮጌ መጽሐፍ ወይም መዝገብ ከመወገዱ በፊት የታሪክና የቋንቋ መምህራን እንዲያዩት የሚያዝ መመሪያ ቢወጣ፤ ሁለተኛ፣ ለመማሪያነት የማያገለግሉ የቀድሞ መጻሕፍት ከየዓይነቱ ሁለት ቅጂ እየተያዘ በአንድ መደርደሪያ ለብቻ ቢቀመጡ፤ ሦስተኛ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ የታሪክ ማስተማሪያ ዘዴ ውስጥ የኅትመት ገጽንና የንብረት መዝገብን እንደ ታሪክ ምንጭ ማንበብ ቢካተት። መምህራን ግን መመሪያው እስኪወጣ ድረስ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ከቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጋር ተነጋግረው የቈየውን መዝገብ ከሣጥን ማውጣትና በአንድ ክፍለ ጊዜ ከተማሪዎች ጋር ገልጦ ማየት ይበቃል።