በነዳጅ ውስጥ የሚገኙ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦኖች እና በጤናና በውኃ ላይ የሚያስከትሉት ጉዳት

ምንነታቸው

አሮማቲክ ሃይድሮካርቦኖች የካርቦን አተሞች በቀለበት ቅርጽ የተያያዙባቸው ውህዶች ናቸው። በመኪና ቤንዚን ውስጥ በዋናነት የሚገኙት ቤንዝን፣ ቶሉይን እና ዛይሊን ናቸው። ቤንዝን በስም ከነዳጁ ከቤንዚን ጋር ቢመሳሰልም፣ በነዳጁ ውስጥ በአነስተኛ መጠን የሚገኝ አንድ ውህድ ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት መጠኑ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ውህዶቹ የቤንዚኑን ኦክቴን ከፍ በማድረግ ሞተሩ እንዳይንኳኳ ይረዳሉ።

በጤና ላይ የሚያስከትሉት ጉዳት

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቤንዝንን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል በተረጋገጠባቸው ንጥረ ነገሮች ምድብ አስፍሮታል። ጉዳቱ በተለይ ከደም ካንሰር ጋር የተያያዘ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በቤት ውስጥ ወለል ለወለል ይሰራጫል። ደባርቅን በመሰሉ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ከተሞች የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ቤንዚን በቀላሉ ይተናል፤ ስለዚህ ክዳኑ ያልጠበቀ ጀሪካን በመኝታ ክፍል ወይም በሱቅ ማስቀመጥ አደገኛ ነው።

በውኃ ላይ የሚያስከትሉት ጉዳት

ቤንዝን ከሌሎች የነዳጅ ክፍሎች ይልቅ በውኃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ እንዳይበልጥ የሚመክረው መጠን በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። 1 በመቶ ቤንዝን ያለበት አንድ ሊትር ቤንዚን 8.8 ግራም ያህል ቤንዝን ይይዛል። ይህ ሙሉ በሙሉ ቢሟሟ ከ800 ሺህ ሊትር በላይ ውኃ እስከ ተጠቀሰው ወሰን ሊበክል ይችላል። ከጎንደር በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚፈስ ነዳጅ፣ ከመንገዱ በታች ያሉ ምንጮችንና የጉድጓድ ውኃን ለብክለት ያጋልጣል።

ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

• ቤንዚንን በውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አለመያዝ፤ ሕፃናት ውኃ መስሏቸው ሊጠጡት ይችላሉ።
• ነዳጅ በጎማ ቱቦ በአፍ ስቦ አለመቅዳት፤ እጅን ወይም ልብስን በቤንዚን አለማጠብ።
• የነዳጅ ዝቃጭን ወደ ቦይ፣ ወንዝ ወይም መሬት አለመድፋት።
• ነዳጅ የዋጠን ሰው እንዲያስመልስ ሳያስገድዱ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ።

አቤቱታ ስለማቅረብ

በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በግል ባይደርስበትም፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል አካል ላይ ለሚመለከተው የፌዴራል ወይም የክልል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አቤቱታ አቅራቢው በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ክስ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። አቤቱታው ነዳጁ የፈሰሰበትን ቦታና ቀን፣ እንዲሁም በአቅራቢያው የሚገኘውን የውኃ ምንጭ ቢገልጽ ለማጣራት ሥራው ያግዛል።