ምድር ቤቱ ለሰው አልተሠራም ነበር

ከአገር ወጥተን በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ከሰፈርነው መካከል የአሜሪካን ኑሮ ከመሬት በታች የጀመርን ጥቂቶች አይደለንም። መጀመሪያ የሰው ቤዝመንት እንከራያለን። ቀን ሲያልፍ አሮጌ ቤት እንገዛለን። ከዚያ ደግሞ ከአገር ቤት ዘመድ ሊመጣ ነው ይባልና የራሳችንን ቤዝመንት ማሳመር እንጀምራለን። እኔም እናቴ ሊመጡ ነው ብዬ በ1912 የተሠራውን ቤቴን ምድር ቤት ለማደስ ተነሣሁ። እዚህ የምጠቅሰው ዘመን፣ ሌላ ነው ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የቀድሞው ባለቤት ግድግዳውን በ1979 አሠራሁት ብለው ነግረውኝ ነበር። ሰሌዳውን ስገነጥለው ከኋላው ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ኋላ ቢጫ ፋይበርግላስ አገኘሁ። ፋይበርግላሱ ታጥቦ እንዳልተጨመቀ ጋቢ ውኃ ቋጥሯል፤ የቆመው እንጨት በሻጋታ ጠቁሮ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ከሁሉም ኋላ ያለው የጡብ ግድግዳ ግን ደኅና ነው። መቶ ዓመት ያለፈው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሃምሳ ዓመት ያልሞላው ለምን በሰበሰ?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ቤዝመንት ለምን እንደሚቆፈር ማወቅ ያስፈልጋል። ብርድ በጠናበት አገር መሬቱ ራሱ ይረጋል፤ በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሲሆን ያብጥና ከላዩ ያለውን ቤት ያነሣዋል። ስለዚህ መሠረቱ በረዶው ከሚደርስበት በታች መውረድ አለበት። በሚኒሶታ የሕንፃ ደንብ ጥልቀቱ በደቡቡ 42፣ በሰሜኑ 60 ኢንች ነው፤ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። ይህን ያህል ከተቆፈረ ጥቂት ጨምሮ ሰው የሚቆምበት ክፍል ማውጣት አያስቸግርም። ክፍሉ ግን የከሰልና የእሳት ነበር። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣልና ትልቁ የብረት ምድጃ ከቤቱ ሥር ይቀመጣል፤ የድንጋይ ከሰሉ በግድግዳው ላይ ባለች ትንሽ የብረት በር ይንቆረቆራል፤ አመዱ በባልዲ ይወጣል። በ1940 በተደረገው ቆጠራ ከአሜሪካ ቤቶች ከግማሽ በላይ የሚሞቁት በከሰል ነበር።

ምሥጢሩም እዚህ ላይ ነው። በጡብና በኖራ የተገነባ የድሮ ግድግዳ ከውጭው አፈር እርጥበት ይጠጣል። ያ ምድጃ ደግሞ ሙቀቱን በሙሉ ወደ ላይ አይልክም፤ ብዙው እዚያው ምድር ቤት ይባክናል። ግድግዳው የጠጣውን ወደ ውስጥ ይተነፍሳል፣ ሙቀቱ ያደርቀዋል፣ የጭስ ማውጫው እርጥቡን አየር ይስበዋል። ጎጆ ቤት ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም። የምድጃው ጭስ ዓይን ቢያቃጥልም ሣሩንና ማገሩን ከተባይ የሚጠብቀው እሱ ነው። የአሜሪካኑንም ምድር ቤት የባከነ የሚመስለው ሙቀት ሲጠብቀው ኖሯል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሰሉ በዘይትና በጋዝ ተተካ፣ ምድጃው አነሰ፣ የከሰሉ ቦታ ባዶ ቀረ። ባለቤቱም ሶፋና ቴሌቪዥን አወረደበት።

ቀጥሎ የመጣው እኛንም ይነካል። በኦክቶበር 1973 የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ለአሜሪካ አንሸጥም አሉና የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ሆነ። ጭማሪው አዲስ አበባም ደረሰ። በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1966 ዓ.ም. ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ የተነሣ ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ ብዙዎቻችንንም ለዚህ ያበቃንን፣ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ነዳጁ እዚያ ዙፋን ለመነቅነቅ ሰበብ ሲሆን እዚህ ግድግዳ አስለበሰ። ፕሬዚዳንት ካርተር በፌብሩዋሪ 1977 ሹራብ ለብሰው በቴሌቪዥን ቀረቡና የቤታችሁን ሙቀት ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዲግሪ ፋራናይት ላይ አድርጉ ሲሉ መከሩ። በ1978 የወጣው ሕግ ደግሞ ለቤቱ ኢንሱሌሽን ላስገባ ሰው፣ ካወጣው የመጀመሪያ 2,000 ዶላር 15 በመቶውን ከግብሩ ቀነሰለት።

የተጣደፈ ሥራ ግን ዕዳ አለው። በግድግዳ ውስጥ ይሞላ የነበረው ዩሪያ ፎርማልዲሃይድ ፎም ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ አወጣ። ካናዳ በ1980 ከለከለችው፤ አሜሪካ በ1982 ብታግደውም በዓመቱ ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረው። ፋይበርግላስ ራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ በእርጥብ ጡብ ላይ ከነላስቲኩ መታሰሩ ነው። የክፍሉ ሙቀት ስለማይደርሰው ጡቡ ይቀዘቅዛል፤ በስንጥቅ ሾልኮ የገባው አየር ቀዝቃዛውን ጡብ ሲነካ ውኃ ይሆናል፤ ከአፈሩ የመጣውም እርጥበት እንዳይወጣ ላስቲኩ ይዘጋበታል። የእኔም ቤት እንጨት የበሰበሰው በዚህ ነው። ሠራተኛውን አልወቅስም፤ በዘመኑ ትክክል የተባለውን ነበር ያደረገው።

በዲሴምበር 1984 ደግሞ ያልታሰበ ነገር ወጣ። በፔንሲልቬንያ በሊመሪክ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ስታንሊ ዋትራስ የጨረር መፈተሻውን አስጮኸው። ሲጣራ ጨረሩን ያመጣው ከቤቱ ኖሯል። ሽታም ቀለምም የሌለው ራዶን የተባለው ጋዝ ከመሬት እየተነሣ ቤቱ ይገባ ነበር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መጠኑ በሊትር 4 ፒኮኩሪ ከደረሰ አስጠግኑ ይላል፤ በዓመት 21,000 ያህል ሰው ራዶን በሚያመጣው የሳንባ ካንሰር እንደሚሞትም ይገምታል። ምድር ቤት ደግሞ ለመሬቱ የቀረበው ክፍል ነው።

እኔም ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ሥራዬን ከጣራው ጀመርኩ። አሸንዳው የሚደፋውን ውኃ ከመሠረቱ አራቅሁት። ራዶኑን አስለካሁ። በአሮጌው ቧንቧ ላይ የተጠመጠመውን ነጭ ነገር አልነካሁም፤ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል ለሚመረምር ሰው ተውኩት። ጡቡ ላይ ፎይል ዙሪያውን በቴፕ አሽጌ ሁለት ቀን አቆየሁ፤ ከኋላው ከረጠበ ውኃው ከአፈር ነው፣ ከፊቱ ከረጠበ ከክፍሉ አየር ነው። ሲደርቅልኝ ጠንካራ የፎም ሰሌዳ ጡቡ ላይ በቀጥታ ለጥፌ መጋጠሚያውን አሸግሁ፤ ከፊቱ እንጨት አቆምኩ፤ ፎሙ እሳት ስለሚፈራ ሁሉንም በድራይዎል ሸፈንኩ። ላስቲክ አላስገባሁም።

የቀረው መስኮቱ ነበር። ብዙ ከተሞች የሚከተሉት ደንብ ምድር ቤት ውስጥ መኝታ ካለ በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮት ያዛል። ክፍተቱ ቢያንስ 5.7 ካሬ ጫማ፣ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ከ44 ኢንች የማይበልጥ። ሜትሬን ይዤ ስለካ ጠርዙ ደረቴ ጋ ደረሰ። ደንቡ ተሟልቷል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴ ግን በሌሊት፣ በጭስ ውስጥ፣ ይህን ይወጣሉ ወይ?

እናቴ አሁን ፎቅ ላይ በእኔ ክፍል ይተኛሉ። እኔ እንደ መጀመሪያው ዓመቴ ምድር ቤት ወርጃለሁ።